ስሜ ይቅር

ከውሰታ ወዲህ፣ አፋፉ ጫፍ ላይ፣
ሦስት ፊደል የረገፈበት ሰሌዳ ብታይ፣
እሱ ነው ቤታችን፤
ሃምሳ ሁለት ክረምት ያረጠበው ደጃችን።
«ላዛኛ እሑድ ብቻ» ይላል በሩ በጠመኔ፣
አባቴ የጻፈው፤ የማደምቀው እኔ።

መኪና ጠጋኙ ቤፔ፣ ያ ቀይ ጣልያን ሲሄድ፣
የሊጥ መዳመጫውን ጥሎ ነው ላባቴ፣ «ተማር» ብሎ በግድ።
እጀታው ተሰብሮ በወይራ የተተካ፣
ሲያሽከረክሩት ዛሬም እንደ ዶሮ የሚያስካካ።

«ስጎ በርበሬ አይንካው» ይል ነበር እስኪሞት፤
እናቴ ግን ከኋላው ጣል ታደርግበት።
ከተማው የለመደው የማንን እጅ ነበረ?
ነገሩ ሳይነሣ አብሯቸው ተቀበረ።

አሁን እኔ ነኝ።
ረቡዕና ዓርብ ፎርማጆ ቆልፌ፣
በቲማቲም ብቻ ስንቱን ቀን አልፌ፤
መብራት ሲሄድ በእንጨት፣ የቾቄ ብርድ ሲገባ መስኮቱን በጋዜጣ፤
ፊት ለፊት ባለመስታወት ፒዛ ቤት ሲመጣ
«ይምጣ» አልሁ፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፌን ይዞት ወጣ።
ወንድሜ ከባሕር ዳር ይደውላል፦
«ሽጪው፣ ቦታው ወርቅ ነው፤ ፎቅ ይሠሩበታል።»
ስልኩን በትከሻዬ ይዤ አማስላለሁ፤ ስጎ ሲተዉት ያርራል።

ማርቆስ ግን ሌላ ነው፤ ጥበብ ያባበለው፣
ኪሱ ቢራቆትም ቃል የማይጎድለው።
የባህል ቡድን ልጆች አሉ፣ ልምምድ ሲጨርሱ
በአራት ጥማድ ሹካ አንድ ሳህን የሚያርሱ፣
«ለዛሬ በዱቤ» ብለው ነገም ቃሉን የሚያድሱ።
ባዘዘው ሠዓሊው የክረምት ራቱን ሲያሰላ፣
ጓሮ በር አጠገብ ግድግዳውን በዓሣ ሞላ፤
«ዓሣ ለምን?» ብለው፣ «ከጣና ርቀን ስለምንበላ»።
ዓሣዎቹ ዛሬም አሉ። ስጎ ተረጭቶበት
የአንዱ ዓይን ቀልቷል፤ ተውሁት፣ ስላማረበት።

ደግሞ መሪጌታ ልየው። ማክሰኞ ማታ ማታ፣
ጋቢውን ሰብሰብ አርጎ፣ ጥጉን ይዞ ቦታ፣
መኮሮኒ ያለ ሥጋ፣ አንድ ሻይ ያለ ስኳር፣
ከዚያ ቃል እንደ ድንች ከዝምታ ሲቆፍር።
የአራት ዓመት ዱቤው፣ በሰማያዊ ቀለም፣
ከስሙ ትይዩ ተደርድሮ፣ የተሰረዘ የለም።

አንድ ማታ ጠየቅሁት። ልቤ ጨክኖ አልነበረም፤
የዱቄት ነጋዴው ሙሉሰው ደጅ ቆሞ ነበር፣ እጁን አጣምሮ።
ልየው አፉን ጠረገ። ተነሣ። ወደ ጣሪያው አየ፦

«ትርንጎ፣ ሒሳብሽን ሳስብ ነው የምኖር፤
ስሜም መዝገብሽ ላይ፣ እባክሽን፣ ይቅር።»

ሙሉሰው ሳቀ። እኔ ተናደድሁ፤
ለዱቄቱ የሚከፈል ከመሳቢያ ፈለግሁ።
ጠረጴዛ ስወለውል ነው የገባኝ፣ ብቻዬን፣ መብራቱን ሳጠፋው፦
ቀረ ማለት መቆየት ነው? ወይስ ቀረ ማለት መተው?

በጳጉሜን ተቀበረ፣ በዝናብ፣ ሰው በጭቃ።
የቡድኑ ልጆች መጡ፣ ስምንቱም፤ ማንም አልጠየቀ ሹካ።
ጥጉ ላይ ያለውን ወንበር ማንም ሳይዘው አመሹ፤
አንዷ ልትዘፍን ጀመረች፣ አቆመች፤ ዓይኖቿ ቀድመው ሸሹ።

ሲሄዱ መዝገቡን አወጣሁ። ቁጥሩን አንድ በአንድ ሰረዝሁ፤
ከስሙ ላይ ስደርስ ግን ብዕሬን መለስሁ።
እንዳለው አደረግሁ። በሁለቱም በኩል።

ነገ እሑድ ነው። ሊጡን አሁን ማሸት አለብኝ።
መዳመጫው ሲያስካካ ጎረቤት ይነቃል፣ ይለምደኝ።
ጠመኔም አልቋል፤ ከትምህርት ቤቱ አንድ ፍሬ ቢላክልኝ።