ክሩን ረሳኸው

ሥራዬ ቃል መልቀም፣ የቃል ዘር መቁጠር፣
ለለንደን አታሚ በፊደል መደርደር።
ቬኒስ ነኝ፤ የኅዳር ጭጋግ ቦዩ ላይ ፈሰሰ፤
«ኤስ» ፊደል ላይ ስደርስ ሻማዬ አነሰ።

አንዲት ቃል አለችን፣ «ሲሪስ» የምንላት፣
ለቁጥር፣ ለነገሥታት፣ ለቀናት፣ ለመጻሕፍት፣
ተራ ለጠበቀ ሁሉ የምናለብሳት።
እንዲህ ብዬ ፈታሁ፦ «አንዱ ሲያልፍ፣ ከኋላ
ሰልፉን ሳያዛንፍ የሚመጣ ሌላ።»
ፍቺው ደስ አሰኘኝ። ቀለሙን አደረቅኩ፤
ዳቦ ልገዛ ብዬ ደረጃውን ወረድኩ።

ዛኔታ ደጃፍ ላይ፣ ገበቴ ታቅፋ፣
አርባ ቀጭን መርፌ በጣቶቿ አሰልፋ፣
እንደ ማራገቢያ ክንፍ ከፍታ፣ ቀዝፋ
ዶቃው ውስጥ ትነክራለች፤ መርፌው ዶቃ ጠጥቶ
ይወጣል ተሞልቶ፣ ቀይ እሸት አፍርቶ።

«ምን ይሉታል ሥራሽን?» አልኳት ለወጉ ያህል።
«መሰካት ነዋ!» አለች፣ «ዐይንህ አያይም ልበል?
ዶቃ በክር መሰካት። እናቴም፣ አያቴም፤
ዐይናችን ፈሰሰ፣ ክሩ ግን አላለቀም።»

ደነገጥኩ። እላይ ቤት፣ ጠረጴዛዬ ላይ፣
የሮማውያን መጽሐፍ ተከድኖ፣ ሥሩን ሳላይ፦
«ሴሬሬ»፣ አያይዞ መስፋት፣ በክር መሰካት፤
የቃሌ እናት ነበረች፣ በየቀኑ ደጄ ላይ ያለፍኳት።

ዳቦውን ረስቼ፣ በተሰባበረ አፌ
ፍቺዬን ነገርኳት፣ ደረጃው ላይ አርፌ።

«ይከተላል?» አለች፤ «ዶቃ እግር አለው ወይ?
ይልቅ ና ላሳይህ፤ ከፊትህ ልበጥሰው፣ እይ።»

በጥርሷ በጠሰች።

ቀዩ ጠጠር ድንጋዩን እያንኳኳ ዘለለ፤
ግማሹ ስንጥቅ ገባ፣ ግማሹ ቦዩ ውስጥ ጠብ ጠብ እያለ።
«አሁን ተናገር እስቲ፣ የቱ ነው የፊተኛው?
የቱ ንጉሥ ነበር? የቱስ የኋለኛው?
ተራማ ክር ነው ጌታው። የጻፍከው ዶቃውን ነው፤
ክሩን ግን ረሳኸው።»

ዝም አለች። ቀጥላም፣ ለኔ ሳይሆን ለገበቴው፦
«አልቪዜ ባሕር ላይ የቀረ ጊዜ፣ ልጄ ነው፣
ቀኑማ ይመጣ ነበር፤ ማክሰኞም፣ እሑድም፤
ይከተላሉ፣ እንዳልከው።
አልተሰኩም።»

ተንበርክኬ ለቀምኩ፣ እስኪጨልም ድረስ፤
አሥራ ሰባት አገኘሁ። አሥራ ስድስት ስመልስ
ቆጥራ አልተቀበለችም።

ማታ ፍቺዬን ሰረዝኩ።
አንዷን ዶቃ ከኪሴ አውጥቼ ቃሉ ጎን አኖርኩ፤
ጠረጴዛው ዘንበል ይላልና፣ ደጋግማ ተንከባለለች፤
ደጋግሜ መለስኩ።
ዳቦም ሳልገዛ አደርኩ።