ሰባተኛው ጎብኚ

እኔ ቁራሌው ነኝ፤
ዝገት የዕለት ጉርሴ፣ ስብርባሪ ቀለቤ፣
ሌላው ትዝታ ሲል፣ ኪሎ ነው ሒሳቤ።

ሊፖቬትስ ትባላለች፣ ሞራቪያ ያለች ከተማ፣
ሃያ ዓመት አልፏታል፣ የባቡር ፉጨት ሳትሰማ።
ሐዲዱ ተነቅሎ፣ የብስክሌት መንገድ ሆኗል፣
በጣቢያው ደወል ፈንታ፣ የብስክሌት ቃጭል ገብቷል፤
ከትኬት መስኮቱ ላይ፣ ርግብ ጎጆ ሠርታለች፣
ሳትቆርጥ ገብታ፣ ሳትቆርጥ ትወጣለች።

ማኅበርም ነበረ፣ «የሐዲድ ወዳጆች» የሚሉት፣
አርባ ሦስት ሰዎች፣ ከየኪሳቸው ያቆሙት፤
አሥራ አንዱ አረፉ፤ ዘጠኙ አልጋ ያዙ፤
የቀሩት ስልክ አያነሱም፣ ወይ ልጅ ጋ ተጓዙ፤
ሦስቱ በወር አንዴ፣ ለቢራ ብቅ የሚሉ ናቸው፣
ቬንዴሊን ብቻ ናቸው፣ ቁልፉ ያለው ከእጃቸው።

ምክር ቤቱ «ትሸጥ» ሲል፣ እጅ ወጣ፣ ነገሩ አለቀ፣
ሰው በመኪና ማቆሚያው ነው፣ እስከ እኩለ ሌሊት የተናነቀ።

ማክሰኞ ማለዳ፣ ሚዛኔን ጭኜ ስደርስ፣ ካፊያ ነው፣
ሽማግሌው ከሎኮሞቲቩ ሆድ ሥር፣ በጀርባቸው ተጋድመው፣
ባትሪውን በጥርሳቸው፣ የዘይት ጣሳ በግራ እጃቸው ይዘው።
«ምን ያደርጋሉ?» አልኩ፣ «ሰኞ አይደል የምትቆረጠው?»
«ሰኞ ነው» አሉኝ፣ ዘይቱን እያጠጧት፣
«ዛሬ ማክሰኞ ነው።
ገና ስድስት ቀን አላት።»

ከዋጋ በፊት፣ መዝገብ አቀረቡ፣
እንግዳ ሳይፈርም፣ አይገባም ነው ደንቡ።
የድሮው ገጽ ጠቦ፣ በኅዳጉ ሳይቀር ተጽፏል፤
«ጭሱ ዓይኔን አቃጠለኝ፣ ነገም እመጣለሁ» ይላል
አንድ የልጅ ጽሕፈት፣ ፊደሉ ሽቅብ የሸሸ፣
ከሥሩ የከሰል አሻራ፣ የእርሳሱን መስመር ያበላሸ።

የዘንድሮው ገጽ ግን፣ ስድስት ስም ነው ያለው፤
«የመጡበት ምክንያት» በሚለው፣ «ዝናብ» ይላል አንደኛው፣
«ዝናብ» ይላል ሁለተኛው፣ ብስክሌተኛ ጓደኛው፣
«ቆጣሪ ንባብ»፣ ከመብራት ኃይል የመጣው፤
«ሽንት ቤት» ብላለች አንዲት እናት፣ ለራሷና ለልጇ፣
ስድስተኛዋ ሙሽራ፣ ቬሏን ሰብስባ በእጇ፣
«ፎቶ» ብላ ፈርማለች። እሷም ብትሆን ያቺን ቀን፣
ፊቷን ለካሜራው ነው፣ ለባቡሯ ጀርባዋን።

ሰባተኛው እኔ። ብዕሩን ይዤ ቆየሁ፣
«ሚዛን» ብዬ ጻፍኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ?

ሠላሳ ስምንት ቶን። ዋጋዬን ተናገርኩኝ፣
ክርክር ጠብቄ ነበር። አልተከራከሩኝ።
«ሰው ለምን ጠላት?» አልኩኝ፣ ለወግ ያህል።
እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው፣ «ጥላቻማ መች ይገኛል!
ቢጠሏት ድንጋይ ነበር፣ መስኮቷ በተሰበረ፣
ይኸው እይ፣ መስታወቷ፣ አንድም ሳይነካ ኖረ።
ሃያ ዓመት ሙሉ፣ አንድ ዱርዬ እንኳን ጠፋ!
እኔን ያመመኝ ይሄ ነው፤ ሰው ለክፋት እንኳ አልለፋ።»

«ታዲያ ቅባቱ ለምን?»
«ስትጎተት እንዳትጮህ።
ዕድሜዋን ዝም ብላ ኖራ፣
በመጨረሻዋ ቀን፣ ለማን አቤት ትበል ኋላ?»

ሰኞ ከባዱ መኪና መጣ። ሰንሰለቱ ተወጠረ።
እውነትም ድምፅ አላሰማች፤ ጎማዋ ዞረ፣ ዞረ፣
አንድ ብስክሌተኛ ቆሞ፣ ከጆሮው ማዳመጫ ነቀለ፣
ምንም ስላልሰማ፣
መልሶ ሰክቶ ቀጠለ።

ገንዘቡን ቆጥሬ ስሰጥ፣ ሽማግሌው ሳይቆጥሩት፣
መዝገቡን አቀረቡልኝ፣ በሁለት እጅ ደግፈውት።
«ይሄንንም መዝነው፣ ባዶ ቤት ምን ይሠራል?»
«ወረቀት አልገዛም» አልኩ፣ «እርስዎ ጋ ይሻላል።»

ውሸቴን ነው።
ወረቀትም እገዛለሁ።