የሣር መስመር

ደብረ ማርቆስ ነበር፣ ክፍል ሃያ ሰባት፣
አንዲት ተማሪዬ እጇን ያነሣች ዕለት።
«መምህር» አለችኝ፤ የውብዳር ነው ስሟ፤
አንድ ቃል ቀስቅሷት ሌሊት ከሕልሟ።
«ክፍት ነው፣ ዝግ ነው ይላል ማስታወሻው፤
በር የሌለው ነገር ምንድን ነው መክፈቻው?»

መልሱ ከመጽሐፍ አልመጣልኝ ቶሎ፤
ቢቸና መጣብኝ ድንበሩን አዝሎ።

አባቴ ልየው ነው፣ ጎረቤቱ ቢተው፤
ስማቸውን ፈትቶ ይፍረድ ቅኔ ያለው።
በሁለት ማሳ መሐል፣ በጤፍና በጤፍ፣
አንዲት የሣር መስመር፣ ለአንድ አህያ የማትተርፍ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ችሎት አመላልሳ፣
ሁለት በሬ በላች ጠበቃ ደግሳ።

«ማሳው» አልኳት «ሣሯን ለሌላ ከተዋት፣
ክፍት የሚባለው ያኔ ነው በእውነት፤
የትም ቁሚ ከውስጡ፣ ዳር የደረስሽ መስሎሽ፣
ለእግርሽ መፈናፈኛ አለ የሚተርፍሽ።
ሣሯንም ከያዘ፣ ያኔ ዝግ ይባላል፤
ሲጠጋ የኖረ መጨረሻ ይገባል።
ገረመሽ? እኔንም ገርሞኝ ነበር ስማር፤
የተዘጋው ያስገባል፣ ክፍቱ ያስቀራል ዳር።
ክፍቱን በነጠብጣብ፣ ዝጉን በድፍን መስመር
የምንሥለው ለዚህ ነው፤ እንጂማ ምን በር?

ግማሿን ቢወስድ፣ ግማሿን ቢተው፣
ክፍትም ዝግም አይደል፤ ስም ያጣ ማሳ ነው።
ሁሉን ጠቅልለሽ ግን አንድ ላይ ብታይው፣
ቢቸናም ሳይለየው፣ ዓባይም ሳይከፍለው፣
የሚጣላበት ዳር
አንድም ስለሌለው፣
ክፍትም ዝግም ነው።»

«ሣሯስ ለማን ሆነች?» የውብዳር ቀጠለች።

መዝገቧ ሳይዘጋ አባቴን ሸኘች።
ነሐሴ ነው፤ ዝናቡ አላባራም ነበር፤
የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት፣
መቀመጫ ቸግሮን ቆመን ስንደናበር፣
ቢተው መጣ በማለዳ፣ ሸክም በትከሻው፤
እርጥብ ሣር አነጠፈ ለአልቃሽ መቀመጫው።

ያችኑ ሣር ነበር።
አወቅናት በሽታዋ፤
ማንም አልጠየቀ ከወዲህ ወይ ከወዲያ፣
ከየትኛው ጎኗ እንደ ታጨደች።

«የኛ ማሳ ዳርቻና የሱ ማሳ ዳርቻ
አንድ ነው» አልኳት፤ «ማረጋገጫው
ሁለት መስመር ብቻ።
አባቴን ግን ፈጀበት...» አልጨረስኩትም።

ጠመኔውን ይዛ ሁለት ማሳ ሣለች፤
መሐሉ ላይ ስትደርስ፣
ነጠብጣብ ይሁን ድፍን፣
ሳትወስን ቆመች።