አንድ ዓይነት ደሞዝ

ዓርብ ዓርብ እኔ ነኝ ደሞዝ የምጽፈው፣
በሚልዋኪ ጋራዥ፣ ከሐይቁ ዳር ባለው።
ጎማ ጨው ሲተፋ፣ በረዶው ሲራገፍ፣
ሁለት ሾፌሮች አሉ ከመስኮቴ ሰልፍ፤
ኦዴል ፕሩዊት አንዱ፣ ጥቁር፣ ትከሻ ሰፊ፣
ሌናርድ ኮስማትካ፣ ነጭ፣ ሳቂ፣ ለፍላፊ።
አሥራ ስድስት ዓመት መሪ ጨብጠው፣
ባንድ ውርጭ ወጥተው፣ ባንድ ጨለማ ገብተው፣
ደሞዛቸው እኩል፣ እስከ ሳንቲም ድረስ፣
ሚዛን ላይ ቢወጣ ካንዱ አንዱ የማይብስ።

አንዲት አጥኚ መጣች፣ ጥቅምት ላይ፣ በዝናብ፣
መነጽሯን ጠርጋ ቁጥር ልትሰበስብ።
«ገቢ ሲስተካከል የልጆች ውጤት ይቀራረባል፤
ግን አይገጥምም» አለች፤ «ትንሽ ነገር ይተርፋል።»
«ያ ትርፍ ምንድን ነው?» ብላ አፈጠጠችኝ፤
እኔ ዝም አልኩና ደሞዝ ላትም ሄድሁኝ።

የማውቀው ይህን ነው።
የሌናርድ አያት ከጦርነት መጣ፣
ባንኩ ቁልፍ ሰጠው፣ ከኪራይ ቤት ወጣ፤
ያ ቤት ለልጅ፣ ለልጅ ልጅ ወርዶ ደረሰ፣
ጣሪያው ሲያፈስ ብቻ ሌናርድ አለቀሰ።
የኦዴልም አያት እዚያው ጦር ሜዳ ዋለ፣
እዚያው ባንክ ደጅ ቆመ፣ «እኔስ?» እያለ፤
ሰፈሩ በካርታ ቀይ ተቀብቶ ነበር፤
ባዶ እጁን መለሱት፣ ከነሜዳልያው፣ ከበር።

ያ ቀለም አልደረቀም።
ራኔል፣ የኦዴል ልጅ፣ ገና ዘጠኝ ዓመቷ፣
አከራይ በተቆጣ ቁጥር ይጠቀለላል ቤቷ፤
በሁለት ዓመት ሦስቴ ትምህርት ቤት ቀየረች፣
ክፍልፋይን በመሃል፣ መንገድ ላይ ጣለች፤
አንደኛው ጋ ገና፣ ነገ ይጀመራል፣
ሌላኛው ጋ ስትደርስ፣ ትናንት ተጨርሷል።
የሌናርድ ልጅ ኩርት ሲያዛጋ «ደክሞታል» ይባላል፤
እሷ ስታዛጋ «ግድ የላትም» ተብሎ ይጻፋል።
ይህ በየትኛው ዓምድ ይገባል?

ቅዳሜ ቢሮዬ፣ አባቷ እስኪመጣ፣
እርሳሷን ስታላምጥ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ፣
ዳቦ አልቆረስኩላት፣ ክብ አልሣልሁላት፤
የደሞዝ ወረቀት ገልብጬ ሰጠኋት፤
«ጠቅላላው ይኼ ነው፤ ኪራያችሁ ይኼ» አልኳት፤
«ስንት ስንተኛ ነው?»
ጣሪያውን አላየች፣ ጣቷም አልቆጠረ፤
«ሁለት አምስተኛ» —
ጥያቄዬ ገና አፌ ላይ እንደ ነበረ።

ከዚያ አሰብ አድርጋ፣
«የኩርት አባትስ? ለኪራይ ስንት ስንተኛ ይከፍላል?»
ማሽኑ ቼክ እያተመ ይጮሃል።
የሰው ጓዳ ነውና አልመለስኩም እኔ፤
እሷ ግን አንብባው ኖሯል ከዓይኔ።
ከወረቀቱ ጥግ አንድ ዜሮ ጻፈች፣
ትንሽ አየቻትና
በር ሠራችላት፣ መስኮት፣
ጭስ መውጫም ጨመረች።