የሚያፍር ስኳር

ረቡዕ ነው። ከደጎል ዝቅ ብሎ፣ ወርቅ ቤቶቹን አልፎ፣
አንድ ኬክ ቤት አለ፣ በሁለት ሱቅ መሃል ትከሻውን አጥፎ።
መስታወቱ ላብ አለው፣ ወንበሩ ያነክሳል፣
የማኪያቶ ማሽኑ እንደ አስም በሽተኛ እየሳለ ይተነፍሳል።
እትዬ አጸደ ከመስታወቱ ጀርባ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣
ሚልፎኝ ስትቆርጥ ኖራ፣ ክሬም ሲነካት እንኳ ጣቷን አትልስም፤
ከዓመቱ ቀኖች ጾም ናቸውና ከግማሽ ያየሉ።

እኔ የአሳንሰር ጠጋኝ ነኝ። ወር ሙሉ ኦሳካ ተልኬ፣
ገመድና ሞተር ስማር ከረምኩ፣ በአስተርጓሚ ሰምቼ፣ እየገባኝ በልኬ።
ለእሷ ያመጣኋት ሣጥን ትንሽ ናት፤ ልብሷ ግን ብዛቱ!
ወረቀት፣ በላዩ ወረቀት፣ በላዩ ሪባን፣ ውስጧ ሌላ ሣጥን፣ ደግሞ ወረቀቱ።
"ሽንኩርት ነው ወይ?" አለች፤ ስትልጥ፣ ስትልጥ፣
ከመሃል ብቅ አሉ ስድስት ነጫጭ ነገር፣ ዱቄት ለባሽ፣ ልስልስ፣ ሲነኩት የሚሰምጥ።

"ወተት አለው?"
"የለውም።"
"እንቁላልስ?"
"የለውም።"
"ቅቤ?"
"ጭራሽ።"
"እና ምን ሆኖ ነው ጣፋጭ የሚባለው፣ በዚህ ሁሉ የለውም?"
"ውጪው ሩዝ ነው፤ ተወቅጦ ተወቅጦ እንደ ሙጫ የሆነ።
ውስጡ አዶንጓሬ፣ ከስኳር ጋር በስሎ፣ ተፈጭቶ የላመ፣ እዚያ የታፈነ።"

"አዶንጓሬ!"
ሳቋ እስከ በሩ ሄደ። ጥግ ላይ ጋሽ ደጀኔ ጋዜጣ አጥፈው፣
"ንፍሮ በስኳር? ወይ ጉድ! ጨውና ቃሪያውን በምን ጥፋት ነው
ከቤት ያባረሩት ገፍተው?"

ሳቅሁ። የመጀመሪያ ቀን እኔም እንዲያ ነው የሆንኩት።
ኪዮቶ፣ እሁድ ቀን፣ ዝናብ አባርሮኝ አንዲት ሱቅ ገብቼ፣ በጣቴ የጠቆምኩት
ሮዝ ሩዝ ነበረ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ፣ ቅጠሉም ጨው ነክቶት።
ይበላል? ይጣላል? ማንን ልጠይቅ፣ አፌ ቋንቋ አጥቶት!
አሮጊቷ ባለሱቅ በሳህን አንድ ፍሬ፣ በስኒ መራራ አረንጓዴ
አቀረበችልኝ። እኔ የቤታችንን ኮባ አሰብኩ፤ ዳቦ ይጋገርበታል እንጂ፣
ማን በልቶት ያውቃል አንዴ?
ላጥኩና አኖርኩት ቅጠሉን፣ እንደ ኮባ፣ በሳህኑ ዳር።
ምንም አላለችም። ለራሷ አንድ አንስታ፣ ከነቅጠሉ፣ ቀስ ብላ ጎረሰች፣
ዓይኗን ወደ ዝናቡ አድርጋ፣ እንዳላፍር።

ይህን ለአጸደ አልነገርኳትም።

በስመ አብ ብላ ነከሰች። ዝም አለች።
ጥርሷ ተጣበቀ፤ በምላሷ ታገለች።
አገጯ ላይ ዱቄት። ውጪ ሚኒባሱ "አራት ኪሎ! የሞላ!" እያለ ይጮሃል፤
ዓይኗ ተጨፍኗል፣ የጠፋ ቁልፍ በጨለማ የሚዳብስ ሰው ይመስላል።
"ስኳሩ" አለች በመጨረሻ፣ "አለ። ግን ያፍራል።
ግባ ግባ ቢሉት፣ 'አይ፣ እዚሁ ይበቃኛል' ብሎ ደጅ ላይ ይቆማል።
ይሉኝታ አለው ይሄ። የኔዋ ሚልፎኝ፣ ምን ትደብቃለች?
ገና ከመስታወቱ ውስጥ እልል ትላለች።"
ሁለተኛውን አነሳች። ስለ ጾሙ ዳግም አልጠየቀች።

በሌላው ሳምንት፣ ዓርብ፣ ስመለስ፣ የአንድ ድስት ቂጥ አሯል፤
ሚልፎኙ ተሸፍኖ፣ ከጾም ብስኩቱ ጎን አዲስ እንግዳ ሰፍሯል፤
አራት ድብልብል፣ ጎባጣ፣ አንዱ የተሰነጠቀ፣
በኮባ ቅዳጅ ላይ፤ ስሙም ዋጋውም ያልታወቀ።
"ሩዙ እምቢ አለኝ" አለች፤ "አዶንጓሬው ግን ሰምቶኛል፣ ትንሽ ሄል ጨመርኩበት።"
ጋሽ ደጀኔ ጋዜጣቸው ውስጥ ጠልቀዋል፤ ከንፈራቸው ዳር ግን
ቀላ ያለ ነገር አየሁበት።

አንድ የታክሲ ረዳት ገባ፣ ብሩን በጣቶቹ መሃል ሰክቶ፣
"እትዬ፣ ይሄ ምንድነው?" አለ፣ ጎንበስ ብሎ አይቶ።
"እኔም እሱኑ እየጠየቅኩት ነው። ቅመስና ንገረኝ።"
አነሳው፣ ከነኮባው። አፌን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁት፤ ጎረሰው።
ፊቴን ወደ ጎዳናው መለስኩ፣ ፀሐይ ቢሆንም፣
ዝናብ እንደሚያይ ሰው።