የዋልካ ሹሩባ

እነዋሪ መሐል፣ ከመናኸሪያው ጎን፣ ከአንዲት ቆርቆሮ ሥር፣
ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ራስ ይዤ ሳወጣ መስመር፣
የፈተናው ውጤት፣ በሦስት ነጥብ ጎድሎ፣ አስቀርቶኝ ነበር።

እኩዮቼ ደግሞ ግድግዳ ደግፈው፣
ፀሐይ ስትዞር ዞረው፣ ጥላ ሲመጣ ሸሽተው፣
ቀኑን እንደ ማስቲካ ያኝካሉ ይዘው።

ሥልጠና አለ ሲሉ፣ እውነቱን ልናገር፣
ስሜን ያስመዘገብኩት ለውሎ አበል ነበር።
አበል የሚባል ግን አልነበረም ለካ፤
ያለው አንድ ጥማድ በሬ፣ ያለው ጥቁር ዋልካ፣
ያለው አጥላባቸው፣ ቦቲ ጫማው እስከ ጉልበት ጭቃ የነካ።

"ደብተር ያመጣችሁ" አለን፣ "ጥሩ አድርጋችኋል፤
ዝናብ ሲመጣ ራስ ላይ ይደረጋል።"

ወደ ማሳው ገባ፤ ተከተልነው። የሰኔ ዋልካ ማንንም አያምንም፤
ጫማ ይዞ ያስቀራል፣ ደረሰኝ አይሰጥም።
ሦስቱ ልጆች ከዚያው ወደ ከተማ ዞሩ፣
በአንድ እግር ጫማ፣ ሲሳደቡ፣ ሲያማርሩ።

ለቀረነው ኩሬ አሳየን፣ ከማሳው ግርጌ የረጋ፣ የጠቆረ፤
"አምና እዚህ የዘራ ሰው፣ ስንዴ ሲጠብቅ እንቁራሪት ሰምቶ ቀረ።
ውሃ ጠላት አይደለም፤ ቁጭ ካለ ግን ሥር ይበላል፤
መንገድ ስጡት፣ ይሄዳል።"

ስለ ውሃ ነበር ያወራው።
እኔን ትዝ ያለኝ ያ ግድግዳ ነው።

"ማነው እርፍ የሚይዝ?" ጸጥ። በሬው ብቻ አመነዠከ።
"እኔ" ስል፣ ዘውገ በሳቅ ፍርስ ብሎ ጭቃው ላይ ተንበረከከ።
"ሴት የያዘችው እርፍ..." ብሎ ሳይጨርሰው፣
አጥላባቸው "ና፣ በሬዎቹን ምራላት" ብሎ አስነሣው።

ማረሻው ላይ የታሰረ የብረት ክንፍ አለ፣
አፈሩን ከግራ ከቀኝ ሰብስቦ፣ መደብ እየከመረ፣ ቦይ እየከፈለ።
የመጀመሪያው ቦዬ እባብ ነው፤ ሁለተኛውም ያው፤
ሦስተኛው ላይ እጄ አንድ ነገር ትዝ አለው፦
የሚዶ ጭራ፣ ከግንባር እስከ ማጅራት የሚወርደው
መክፈያ መስመር፤ እሱ ከሳተ ሹሩባው ሁሉ የሚዛነፈው።
"መሬትም ራስ አላት" አልኩ ለራሴ። "ቀስ በይ፤ ያማታል ከጎተትሻት።"

ሐምሌ ገባ። አንድ ሌሊት በረዶ ቆርቆሮ ሲደበድብ
ተነሥቼ ሄድኩ በጨለማ፣ ጋቢ እንኳ ሳልደርብ።
ውሃው በየቦዩ ያወራል፣ ቁልቁል ወደ ገደሉ፤
ቡቃያዎቹ መደባቸው ላይ ቆመው ያድራሉ።
ሁሉም አይደሉም። የእባቡ ቦይ ወገቡ ላይ ተደርምሶ፣
አራት ክንድ ያህል ቢጫ ሆኗል፣ አንገቱን ቀልሶ።
ዘውገ እዚያ አለ፤ ከእኔ ቀድሞ ደርሶ፣
ጭቃውን በእጁ ይዝቃል። አልሳቀም።
እኔም ጎንበስ አልኩ፤ እስኪነጋ አልተነጋገርንም።

አሁንም ቅዳሜ፣ በገበያው ቀን፣ እሠራለሁ ፀጉር፤
ደንበኞቼ ያማርራሉ፦ "ጥፍርሽ ሥር አፈር!"
"የጅሩ ነው፣ አይከፈልበትም" እላለሁ፤
ጉልበቴ መሐል ያለውን ራስ እንደ እርፍ ይዣለሁ።

የዛሬዋ ትንቢት ትባላለች፤ እሷን ያስቀራት አራት ነጥብ ነው።
"አሁን ምን ልሁን?" ትለኛለች፤ ድምፅዋ ቀጭን ነው።
ሚዶዬን ከግንባሯ አስነሥቼ ወደ ማጅራቷ አወርዳለሁ፤
"ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። ቦቲ ጫማ ያዢ፤ ደብተሩ ይቅር" እላለሁ።

ዞራ ልታየኝ ትሞክራለች።
"አትነቃነቂ" እላታለሁ፤ "መስመሩ ይጣመማል።"