የጅብ ሽንኩርት

ስምሽን ማን አወጣው? ጅብ እንኳ አይቀምስሽም፤
የወገራ በሬ ምላሱን አይሰጥሽም።
በጋ ሙሉ የለሽም፣ ቅጠልሽ ገለባ፤
ሥርሽ ግን ከመሬት ክንድ ከስንዝር ገባ፤
ግንቦት፣ ባንድ ዶፍ ዝናብ፣ ባንድ ሌሊት አበባ፤
ነጭ፣ ቀይ ጥለት ያለው፣ የሙሽራ ካባ።

የጫኔ ቡሬ ጊደር አንዴ ብትቀምስሽ
ቆዳዋን የሚገዛ ጠፋ፣ ሰው ፈርቶሽ።
ስለዚህ ተከሉሽ፣
ከኮሶዬ ገደል አፍ፣ በሁለት ማሳ መሐል፤
ድንጋይ ሰው ያነሣዋል፣ አንቺን ማን ይነካል?

አዛናው ነካሽ።
ጫኔ በቅሎ ሊሸጥ ጎንደር ወርዶ አደረ፤
ወንድሙ አዛናው በዶማ ቆፈረ፤
ሦስት ክንድ ገፋና ጫኔ ገብስ ላይ ተከለ፤
እጁ ሲያብጥ ጊዜ «ተርብ ነው» አለ።

ሦስተኛው ግንቦት መጣ።
ባዲሱ ቦታሽ ላይ አበባሽ ፈነዳ፤
ባሮጌውም ፈካሽ፣
ዶማው ከሳተው ጓዳ።

ሽማግሌ አልተጠራ፣ መሐላም አልነበረ፤
ጫኔ ካንዷ አበባ እስከ ሌላዋ፣ በክንዱ ቆጠረ።
አንድ።
ሁለት።
አዛናው እጆቹን ጋቢው ውስጥ ቀበረ።